በቤት ውስጥ የሚመርጠው ማን ነው?

በቀድሞ ዘመን የንስሐ አባቶች ከልጆቻቸው ይሰሙት የነበረው ጥያቄ ስለ ጾምና ስለ ጸሎት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ዕርቅ ነበር። ዛሬ በአሰላ ከተማና በዙሪያዋ ባለው የአርሲ ደጋ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል። ይኸውም «አባታችን፣ ኢንተርኔት የሚቀበለውን ስማርት ቴሌቪዥን ገዝተናል፤ የትኛውን መተግበሪያ ብንጭንበት፣ በየትኛውስ መንገድ ብንመለከት ይሻለናል?» የሚል ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ለነጋዴ ወይም ለጥገና ባለሙያ የሚቀርብ ጥያቄ ይመስላል። ካህኑም «ይህስ የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ሊያልፈው ይችል ይሆናል። እኛ ግን ጥያቄው የደረሰው ሊደርሰው ወደሚገባው ሰው ነው እንላለን። ዓይን ያየው ወደ ልብ ይወርዳልና፤ ልብንም እንዲጠብቅ አደራ የተሰጠው የነፍስ እረኛ ነውና። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው ጾም የሆድ ብቻ ሳይሆን የዓይንም የጆሮም የአንደበትም መሆኑን ካስተማረ፣ ዓይን በቤት ውስጥ ምን እንደሚመገብ መጠየቅ ከካህን ሥራ ውጭ አይደለም።

ቴሌቪዥን በሀገራችን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የነበረው ጣቢያ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም በተወሰነ ሰዓት ተከፍቶ በተወሰነ ሰዓት ይዘጋ ነበር። ባለ ቴሌቪዥኑ የነበረው ምርጫ መክፈትና ማጥፋት ብቻ ነው። የሚታየውን የሚመርጠው በአዲስ አበባ ያለ መሥሪያ ቤት ነበር፤ መልካም ቢመርጥ የተመሰገነ፣ ክፉ ቢመርጥ የተወቀሰ ይሆናል። ጎረቤትም ተሰብስቦ አይቶ ሲያልቅ ተሰነባብቶ ይለያይ ነበር። የአሁኑ መሣሪያ ግን ትንሽ ኮምፒዩተር በውስጡ ያለው በመሆኑ ምርጫውን ሁሉ ለባለቤቱ አስረክቦታል። እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው፤ አስረክቦታል የተባለው ባለቤት በእውነት ይመርጣልን?

በደጋው ያሉት ምእመናን የሚጠቀሙባቸው መንገዶች ብዙ አይደሉም። አንዱ ዲሽ ነው። በኢትዮሳት በኩል የሚመጡት ጣቢያዎች የቤተ ክርስቲያናችንንም ቴሌቪዥን ጨምሮ በየሰዓታቸው ይደርሳሉ። ይህ እንደ ክረምት ዝናብ ነው፤ በጊዜው ይወርዳል፣ ለሁሉ እኩል ይወርዳል፣ በጊዜውም ያቆማል። ሁለተኛው ፍላሽ ነው፤ ስብከቱን፣ ዝማሬውን፣ ትምህርቱን በእርሱ ገልብጦ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ መሰካት። ፍላሽ እንደ ጎተራ ነው፤ ገብሱን ያስገባው ገበሬ በውስጡ ያለውን ያውቃል፣ ያላስገባውንም አያወጣም። ሦስተኛው በስልክ ዳታ ወይም በዋይፋይ ቴሌቪዥኑን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ ዩቲዩብንና የመሳሰለውን መክፈት ነው። ይህ ደግሞ ገበያን ይመስላል። ነገር ግን እኛ የምናውቀው የአሰላ ገበያ ጀምበር ስትጠልቅ ይበተናል፤ ሻጩም እቤታችን ድረስ ተከትሎን አይገባም። ይህኛው ገበያ ግን ሌሊትም አይበተን፤ ትናንት ምን እንደ ገዛን ያስታውሳል፤ ዛሬ ገና ሳንጠይቀው ዕቃውን ዘርግቶ ይጠብቀናል።

የችግሩ ሥር ያለው በዚህ በሦስተኛው መንገድ ነው። በዩቲዩብ ላይ አንድ ሰው አንድ ስብከት ፈልጎ ቢከፍት፣ ስብከቱ ሲያልቅ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ሌላ ነገር በራሱ ይጀምራል። ያንን ሁለተኛውን የመረጠው ማን ነው? ሰውየው አይደለም። የድርጅቱ ኃላፊዎች እ.ኤ.አ. በ2018 እንደ ገለጹት፣ ሰዎች በዩቲዩብ ላይ ከሚያሳልፉት የማየት ጊዜ ከመቶ 70 እጅ የሚበልጠው መሣሪያው ራሱ መርጦ በሚያቀርበው ላይ የሚውል ነው። እንግዲህ «እኔ መርጬ ነው የማየው» የሚለው ሰው ከዐሥሩ ሰባቱን እርሱ እንዳልመረጠ ይወቅ። መሣሪያው የሚመርጠውም ለነፍሳችን የሚጠቅመውን መርምሮ አይደለም፤ ወንበራችን ላይ የሚያቆየንን መዝኖ ነው። በክፍያ ፊልም የሚያሳየው የኔትፍሊክስ ኩባንያ መሪም እ.ኤ.አ. በ2017 ኩባንያቸው የሚፎካከረው ከሰው እንቅልፍ ጋር ጭምር መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል። ይህን ቃል ስንሰማ ከመሳቅ ይልቅ ማሰብ ይገባናል። እንቅልፍን አሸንፎ ሌሊቱን የሚነጥቅ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለምና፤ ማኅሌቱና ሰዓታቱ ከሰው እንቅልፍ ጋር ሲታገሉ ብዙ መቶ ዓመታት ሆኗቸዋል። ልዩነቱ ማኅሌት ያደረው ሰው ለምን እንዳደረ ያውቃል፤ በቴሌቪዥን ፊት ያነጋው ግን ሲጠየቅ የሚመልሰው ያጣል።

ይህ ፈተና በመሣሪያው ዓይነት እንጂ በባሕርዩ አዲስ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ እ.ኤ.አ. በ399 በቁስጥንጥንያ ሳለ ብርቱ ዝናብ ወርዶ የእርሻውን እህል ሊያጠፋ ደርሶ ነበር። ሕዝቡም ምሕላ ይዞ ወደ ሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን እየጎረፈ እግዚአብሔርን ለመነ። ጥቂት ቀን ሳያልፍ ግን ያው ሕዝብ ዓርብ ወደ ፈረስ እሽቅድምድም፣ በማግስቱም ወደ ቲያትር ሮጠ። በአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ የሚያመርት ገበሬ ይህን ታሪክ ለመረዳት ተርጓሚ አያስፈልገውም። አዝመራው በዝናብ ሲያዝ ምሕላ ምን እንደ ሆነ፣ ሰማዩ ሲጠራም ምን ያህል በፍጥነት እንደሚረሳ ያውቀዋል። አፈ ወርቅ በዚያ ተግሣጹ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበው ቲያትሩ ከተዘጋ በኋላ ያለው ጊዜ ነበር። የታየው ሥዕል ከተመልካቹ ጋር ወደ ቤቱ ሄዶ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ መካከል ገብቶ እንደሚቀመጥ አስተማረ። በዚያን ጊዜ ሥዕሉ ወደ ቤት የሚገባው በሰውየው አሳብ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ቲያትሩ ራሱ ከነወንበሩ ቤት ገብቷል።

ይህን በማየት «እንግዲያው መሣሪያውን አውጥቶ መጣል ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ቅንዓታቸውን እናከብራለን፤ አሳባቸውን ግን አንቀበልም። በእኛ በአርሲ የሚታወቅ ምስክር አለ። የአሰላው ልጅ ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሕፃንነታቸው ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ ሲያሸንፍ በራዲዮ ሰምተው ልባቸው ለሩጫ እንደ ተነሣሣ ብዙ ጊዜ ተናግረዋል። አንድ ጊዜ በጆሮ የገባ ድምፅ የአንድን ሕፃን ሕይወት እንዲህ አቅጣጫ ካስያዘ፣ በዓይንና በጆሮ በየሌሊቱ የሚገባው ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። መልካሙም ክፉውም በዚያው በር ይገባል። በሩን በግንብ የደፈነ ሰው ሌባውን ብቻ ሳይሆን እንግዳውንም ከልክሏል።

ስለዚህ ነገሩ ወደ በረኛው ይመለሳል። በመጀመሪያ ስለ መምህሩ እንናገር። በዩቲዩብ ላይ ማንም ሰው ቻናል መክፈት ይችላል፤ ቆብ ደፍቶ፣ መስቀል ይዞ፣ በስተ ኋላው ሥዕለ አድኖ ሰቅሎ መታየትም ይችላል። ቻናሉ ከማስታወቂያ ገንዘብ ለመካፈል 1,000 ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ፊልም ሊኖረው ይገባል (ወይም በአጫጭር ፊልሞች ሌላ መለኪያ ማሟላት አለበት)። በዚህም ምክንያት ርእሱ ይጮኻል፤ «ያልተሰማ ምሥጢር»፣ «አስደንጋጭ ራእይ» እየተባለ ይጻፋል፤ በሰዓት ሩብ የሚያልቀው ቃል ሁለት ሰዓት ይጎተታል። ይህ ሲባል በዚያ የሚያስተምሩት ሁሉ ለገንዘብ ነው ማለታችን አይደለም፤ እውነተኛ መምህራን በዚያው መንገድ ለብዙ ሰው ደርሰዋል። ነገር ግን ምእመኑ የሰባኪውን ቀሚስ ከማየት በፊት የላከውን ይጠይቅ። ከየትኛው ሀገረ ስብከት ነው? የስብከት ፈቃድ አለውን? የሚናገረውን በአጥቢያው ሊቅ ፊት ሊናገረው ይደፍራልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለውን ቻናል ከቴሌቪዥኑ ማጥፋት መናፍቅን ከደጅ እንደ መመለስ ይቆጠር።

የገንዘቡም ነገር አለ። ጥራት ያለው ፊልም በኢንተርኔት አንድ ሰዓት ሲታይ እስከ 3 ጊጋባይት ዳታ ይወስዳል። ልጁ በስልኩ ገዝቶ የሚያካፍለው ጥቅል በሁለት ምሽት ሲያልቅ፣ ያለቀው የጤፍና የዘይት ገንዘብ መሆኑን ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል፤ ደፍሮ የሚናገረው ግን የለም። የሥዕሉን ጥራት ዝቅ አድርጎ ማየት ይህን ወጪ ከግማሽ በታች ያወርደዋል፤ ለስብከትና ለዝማሬ ደግሞ ጆሮ እንጂ የሥዕል ጥራት አያስፈልግም። ከዚህም በላይ በአንድ መንገድ ብቻ መመካት እንደማይገባ አይተናል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ሌሎችም በሀገራችን ለአምስት ወር ያህል በተገደቡ ጊዜ፣ መንፈሳዊ ስንቁን ሁሉ በዚያ ያስቀመጠ ሰው ባዶ እጁን ቀረ። ዲሽ የነበረው ጣቢያውን፣ ፍላሽ የነበረው ጎተራውን አላጣም።

መሣሪያው ራሱ ተመልካች መሆኑንም ጥቂቶች ያውቃሉ። ቪዚዮ የተባለው የቴሌቪዥን አምራች እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ በቀረበበት ክስ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፤ ክሱም በ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች ባለቤቶቹ ሳይፈቅዱ የሚያዩትን ሁሉ መዝግቦ ለሌሎች ሸጧል የሚል ነበር። አዲስ ቴሌቪዥን ሲከፈት «ተስማምቻለሁ» የሚል ብዙ ጥያቄ የሚያቀርበው በከንቱ አይደለም። ሁሉንም ሳያነቡ እሺ ማለት አያስፈልግም፤ ቢከለክሉትም መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ይሠራል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። ቅዳሴን በቴሌቪዥን ማየት ምንድን ነው? በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ምእመናን የሰሙነ ሕማማቱንና የትንሣኤውን ሥርዓት በየቤታቸው ሆነው ሲከታተሉ፣ ቴሌቪዥኑ ለብዙዎች መጽናኛ ሆኖ ነበር፤ ይህንን አንክድም። በጭላሎ ሥር ባለው ደጋ አጥቢያው ሩቅ የሆነበት፣ ጉልበቱ የደከመ አረጋዊ፣ አልጋ የያዘ ሕመምተኛ ዛሬም በዚህ ይጽናናል። ነገር ግን ጤነኛው ሰው «በቴሌቪዥን አስቀድሻለሁ» ብሎ እሑድ ጠዋት በብርድ ልብሱ ሲቀመጥ ስንሰማ እናዝናለን። ምግብ ሲሠራ ያየ ሰው አልተመገበም፤ ሥጋውና ደሙም በመስታወት አይሰጥም። ቅዳሴ ደግሞ የሚታይ ነገር ብቻ አይደለም፤ ካህኑ ሲያዜም ሕዝቡ ይመልሳል፣ ዲያቆኑ ተነሡ ሲል ይነሣል፣ ስገዱ ሲል ይሰግዳል። ከሶፋው ያልተነሣ ሰው ለማን መለሰ? ይልቁንም በቅዳሴው መካከል ማስታወቂያ ሲገባ በትዕግሥት የሚጠብቅ ሰው፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያንን ነገር ቢያይ ምን ይል እንደ ነበር ራሱን ይጠይቅ። ለሕመምተኛው መድኃኒት የሆነው ለጤነኛው የስንፍና ምክንያት እንዳይሆን ካህናት ሁለቱን ለይተው ይምከሩ። ሁለቱን በአንድ ቃል መከልከልም ሆነ በአንድ ቃል መፍቀድ ጭካኔ ወይም ቸልታ ይሆናል።

እንግዲህ በቤት ውስጥ የሚመርጠው ማን ነው ላልነው መልሱ ከመሣሪያው ይልቅ በቤቱ ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። በብዙ ቤት እንዳየነው ሪሞቱን የሚያውቀው የዐሥራ ሦስት ወይም የዐሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ነው። አባት ጽሑፉን ማንበብ ስለሚያስቸግራቸው፣ እናት ደግሞ «የትኛውን ተጫንኩ» ብለው ስለሚፈሩ፣ የቤቱ በረኛ ታናሹ ሆኗል። ይህን ልጅ መገሠጽ ብቻ አይበቃም። ሥራውን እንደ አገልግሎት ሊቀበለው ይገባል። አባትና እናት ምን ለማየት እንደሚሹ ቴሌቪዥኑ ከመከፈቱ በፊት ይወስኑ፤ ልጁም ያንን ፈልጎ ይክፈት። አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እንዳይጀምር የሚከለክለውን ማስተካከያ ልጁ ራሱ ያጥፋው፤ ለታናናሾቹ የምሥጢር ቁጥር ያብጅለት፤ ቁጥሩን ግን እናት ይያዙት። የንስሐ አባቱም ልጁን በመጣ ጊዜ ስለ ጾሙ እንደሚጠይቁት ስለዚህም ይጠይቁት፤ ታምኖበት የተጠየቀ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይታመናልና።

ሰንበት ትምህርት ቤቶችም በዚህ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ አለ። በአሰላም በሳጉሬም በበቆጂም ኢንተርኔት የሌላቸው፣ ቴሌቪዥን ግን ያላቸው ብዙ ቤቶች አሉ። ወጣቶቹ የአጥቢያቸው መምህራን የመረጡትን ትምህርትና ዝማሬ ከባለቤቶቹ አስፈቅደው በፍላሽ ቢያዘጋጁ፣ በየወሩም ቢለውጡት፣ አልጋ ለያዙት ትልቅ ነገር ነው። ሕመምተኛ ሊጠይቅ የሚሄድ ዲያቆን ጠበሉን ሲይዝ ፍላሹንም በኪሱ ቢጨምር አይከብደውም።