ወደ አምባው የሚጣራው ገበሬ

በአንድ ወይና ደጋ አገር ወረርሽኝ ገባ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀምጠው መከሩ። ገበያው እንዲቀር፣ ለቅሶ በሩቁ እንዲደረስ፣ ከወንዝ ማዶ የመጣ እንግዳ ሰባት ቀን ሳይሞላው ከሰው ጎጆ እንዳይገባ ወሰኑ። መንገዱ በእሾህ ታጠረ፤ ሁሉም ቤተሰቡን ሰብስቦ በሩን ዘጋ።

ከመንደሩ በላይ አንድ አምባ አለ። እዚያ ላይ የቆመ ሰው ሰባት ወንዝ አሻግሮ ያያል ይባላል። በዚያ ክፉ ወራት ማንነቱ የማይታወቅ ሰው መጥቶ አምባው ላይ ድንኳን ተከለ። «የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ፤ ያየሁትን የሰማሁትን እነግራችኋለሁ። ቀንም ሌሊትም አልተኛም፤ ዋጋም አልጠይቅም» ብሎ ለፈፈ። በዚህ ዘመን በነጻ የሚያገለግል ከየት ተገኘ ብሎ ሰዉ ተገረመ፤ መረቀውም።

ከዋርካው አጠገብ አንድ ባለ ጥንድ በሬ ገበሬ ይኖራል። ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት፤ አሮጊት እናቱም አብረውት ናቸው። ሲመሽ የእናቱን ሳል በሰማ ቁጥር ልቡ ይሸበራል። አንድ ሌሊት አላስችል አለው። ከግቢው ጫፍ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ።

«አንተ የአምባው ሰው! በሽታው ከኔ ቤት ይገባ ይሆን?»

«ከሦስተኛው ወንዝ ማዶ አራት ሬሳ ወጥቷል!»

ገበሬው ደነገጠ። ቆይቶ ግን «ሦስተኛው ወንዝ ሩቅ ነው» አለና ትንሽ ቀለል አለው። ገብቶ ጋደም አለ። ዓይኑን ሊከድን ሲል «አሁንስ?» የሚል ሐሳብ ሽው አለበት። ተነሥቶ ወጣ፤ ዳግመኛ ተጣራ።

አንዳንዴ «ምንም የለም» ይባላል። አንዳንዴ «የንጉሡ ሐኪም ራሱ ወድቋል ይላሉ» ይባላል። አንዳንዴ ደግሞ «አንዲት ሴት ነጭ ሽንኩርት በልታ ተነሣች አሉ» የሚል ወሬ ይወርዳል፤ ያን ዕለት ደስታው ወሰን የለውም። ሁልጊዜ አዲስ ወሬ ቢኖር በጠገበ፣ ሁልጊዜ ባይኖር በሰለቸው ነበር። አንዴ ሲገኝ አንዴ ሲታጣ ግን ጉሮሮው አላርፍ አለ። ዕርፍ ጨብጦ ሁለት ትልም ሳያወጣ በሬዎቹን አቁሞ ይጣራል። ከማዕድ ተነሥቶ ይጣራል። ልጆቹም ከአባታቸው አይተው መጣራት ለመዱ።

እሱ ያላወቀው ነገር ነበር። ከአምባው ግርጌ ሎሚና ዝንጅብል፣ ክታብና ዕጣን የሚሸጥ ነጋዴ ሰፍሯል። የትኛው ቤት ስንት ጊዜ እንደሚጣራ፣ የማን ድምፅ ይበልጥ እንደሚንቀጠቀጥ የአምባው ሰው ለነጋዴው ይነግረዋል፤ ነጋዴውም ከትርፉ ያካፍለዋል። ሌሊቱን ሲጣራ ያደረ ሰው ጠዋት ከአጥሩ ሥር ነጋዴውን ከነጆንያው ቆሞ ያገኘዋል።

አንድ ማለዳ ገበሬው ፊቱ አመድ መስሎ ገባ።

«ጉድ ሆነናል! በሽታው አጠገባችን ደርሷል። ዋርካ ካለበት መንደር፣ ካንዱ ቤት ሁለት ቀን ሙሉ ጭስ አልወጣም አለ።»

ሚስቱ ምጣዷን እያሰሰች ነበር። ማሰሻዋን አስቀምጣ ቀና አለች።

«ዋርካ ካለበት መንደር?»

«አዎን።»

«እኛ ደጅ ያለው ዛፍ ታዲያ ምንድን ነው?»

ገበሬው አፉን ከፍቶ ቀረ። ከአጥሩ ጀርባ ብቻውን የሚኖር ሸማኔ አለ። ባልና ሚስት ተከታትለው ወጡ፤ ከአጥሩ ወዲህ ሆነው ተጣሩ።

«አያ! አለህ ወይ?»

ብዙ ቆይቶ ቀጭን ድምፅ መጣ። «አለሁ። ትኩሳቱ ጥሎኝ ነው፤ እሳትም የለኝ።»

«ምነው ሳትጣራ?»

«ትናንት ሌሊት ተጣርቼ ነበር ወንድሜ። አንተም ስትጣራ ነበርና አልሰማኸኝም።»

አጥሚት ተሠራ፤ ውሃ ተቀዳ፤ ፍም በገል ተደርጎ ከደጁ ተቀመጠለት። እነሱ ራቅ ብለው ቆሙ፣ እሱ እየዳኸ ወጥቶ ወሰደ። በአራተኛው ቀን ከቤቱ ጭስ ታየ።

የዚያን ዕለት ማታ ሚስቱ ሁለት ቅል አምጥታ ባሏ ፊት አስቀመጠች። «ነገ በተጣራህ ቁጥር በዚህኛው አንድ ባቄላ ጣል። የሰማኸው ወሬ እኛ የምናደርገውን ነገር ከለወጠ ደግሞ በዚያኛው አንድ ጣል» አለችው። በማግስቱ ሲመሽ የመጀመሪያው ቅል ሞልቶ ፈስሷል። በሁለተኛው አንዲት ባቄላ ብቻ አለች፤ የጨው ነጋዴዎች ቅፍለት በሽተኛ ይዞ በታችኛው መንገድ እየመጣ ነው በተባለ ጊዜ የተጣለች ናት። በዚያ ወሬ ከብቱን በላይኛው መንገድ ነድተዋል።

«አየህ» አለችው፣ «አንተ የምትጠይቀው ‹ከቤቴ ይገባ ይሆን?› ብለህ ነው። ይህን ከፈጣሪ በቀር የሚያውቀው የለም። እሱ የሚነግርህ የሌላ አገር ሬሳ ነው። የጠየቅኸው ሳይመለስ ያልጠየቅኸው ይመጣልሃል፤ ለዚህ ነው የምትደጋግመው።»

«ታዲያ ደንቆሮ ሆኜ ልቀመጥ?»

«አትቀመጥ። ከብት ስናወጣ አንዴ ተጣራና ‹ዛሬ የትኛው መንገድ ክፉ ነው?› በለው። እሱ መልስ አለው። ሌሊት የሚመጣብህን ግን ለኔ ንገረኝ፤ መልሱ ባይኖረኝም አብሬህ ነቅቼ አድራለሁ።»

የመጀመሪያው ሌሊት ጭንቅ ነበር። ገበሬው የበሩን መቃን ይዞ አላበው። ፍርሃቱ እያደገ እያደገ ሄዶ ደረቱን የሚያፈነዳው መሰለው። ሆኖም ከአንድ ቦታ ደርሶ ቆመ፤ ዶሮ ሳይጮህ በራሱ ጊዜ በረደ። ገበሬው ተደነቀ። እስከዚያ ሌሊት ድረስ ፍርሃቱ ሳይበርድ በፊት ሮጦ እየወጣ ይጣራ ስለነበር፣ በራሱ እንደሚበርድ አላወቀም ነበር።

በሽታው ከዚያም በኋላ ወራት ቆየ፤ መንደሩም ሰው ቀበረ። ባልና ሚስቱ ዘግይተውም ቢሆን ዘር ዘሩ። ሌሎችም እነሱን አይተው መጣራት ሲቀንሱ የአምባው ሰው ዘዴ ለወጠ፤ ሳይጠሩት እሱ ይጮህ ጀመር። «አልጠየቃችሁኝም እንጂ ዛሬ ያየሁትን ጉድ!» ይላል። ገሚሱ ሮጦ ወጣ። ገበሬው ቀና ብሎ አይቶ በሬዎቹን «ሃ!» አላቸው።

*

ይህን ምሳሌ የሚፈታ ዓመት ሁላችንም እናውቃለን። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. የዓለም ወረርሽኝ አለው፤ ከሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ሕሙም በአገራችን ተገኘ፤ ሳምንት ሳይሞላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የጤና ሚኒስቴር በየዕለቱ ስንት ሰው እንደተመረመረ፣ ስንቱ እንደተያዘና ስንቱ እንደሞተ ያስታውቅ ጀመር። ለወንድም ሲደወል እንኳ ከወንድም ድምፅ በፊት የሚሰማው ስለ ኮሮና የሚያስጠነቅቅ መልእክት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ከዚያ ቀደም ብለው፣ በየካቲት ወር ሙኒክ ላይ፣ ከበሽታው ጋር የመረጃ ወረርሽኝም እየተዛመተ መሆኑን አስጠንቅቀው ነበር።

ሐሰተኛ ወሬ ጎጂ መሆኑን ማስረዳት አያሻም። ምሳሌው የሚለው ከዚያ ያልፋል፤ እውነተኛውም ወሬ ላልተጠየቀ ጥያቄ ሲመለስ ያስጨንቃል ነው የሚለው። የዕለቱ ቁጥር እውነት ነበር። እኛ ሌሊት ስልካችንን የምንከፍተው ግን «እናቴ ትተርፍ ይሆን?» ብለን ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሚኒስቴሩም ፌስቡክም መልስ አልነበራቸውም። በማየታችን ለደቂቃ ቀለል ይለናል፤ ያቺ ቅለት ናት ልማዱን የምታጸናው።

ከወረርሽኙ በፊትም ይህ ታይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ በተደረገ ጥናት፣ በተከታዩ ሳምንት በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዜናውን የተከታተሉ ሰዎች፣ በቦታው ከነበሩት ይበልጥ ከፍ ያለ ጭንቀት ተመዝግቦባቸዋል። አንዴ ሲገኝ አንዴ ሲታጣ የሚያጓጓው ነገርም አዲስ አይደለም። ፈርስተርና ስኪነር የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ሥራ፣ እህል መቼ እንደሚወርድላት የማታውቅ ርግብ በምንቃሯ ከመጠቅጠቅ እንደማትቦዝን አሳይተዋል። ጣት በተንሸራተተ ቁጥር ማለቂያ የሌለው ገጽ የሚያወርደውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2006 የነደፈው አዛ ራስኪን ደግሞ በሥራው መጸጸቱን በይፋ ተናግሯል። የእነዚህ ገጾች ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው በማስታወቂያ ነው፤ ከአምባው ግርጌ ያለውን ነጋዴ ያስታውሰናል።

ጥንቃቄ የሚሻ ነገርም አለ። በወረርሽኙ ዘመን በብዙ አገሮች የተደረጉ የመጠይቅ ጥናቶች ኮሮናን አብዝተው የሚፈሩ ሰዎች ኢንተርኔት ከልክ በላይ ወደመጠቀም እንደሚያዘነብሉ አሳይተዋል። በአንድ ወቅት የተሰበሰበ መልስ ግን ፍርሃቱ ስልኩን አመጣው ወይስ ስልኩ ፍርሃቱን የሚለውን አይለይም፤ እንደ ገበሬው ሌሊት አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ የሚዞር ይመስላል። ስልክ ያበዛ ሁሉ ታማሚ ነው ማለትም ስሕተት ነው። ቤይሩት በሰው ቤት ተዘግቶባት የከረመች ልጅ ከእናቷ ጋር ያወራችበት ሰዓት፣ ዋሽንግተን ያለ ሰው የአባቱን ቀብር በስልክ መስኮት የተከታተለበት ቀን የሱስ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ያ ጥሪ ስም ያለው ሰው ይመልሰዋል፤ ሸማኔው ሌሊት የተጣራውም እንዲህ ያለውን ጥሪ ነበር። መለኪያው የሰዓቱ ብዛት ሳይሆን ሁለተኛው ቅል ነው፤ ያየነው ነገር የምናደርገውን ለወጠ ወይ? እንቅልፍ፣ ሥራና ጎረቤትስ በቦታቸው አሉ ወይ?

የሚስቲቱ ምክር ከሐኪሞች ምክር አይርቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2012 ለጭንቀት ባወጣው ምክር፣ ዜና በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ከታመነ ምንጭ እንዲታይ ብሎ ነበር። በዚያ ላይ ሳንጠራው የሚጮኸውን የስልክ ማሳወቂያ ማጥፋት ይጨመር። በቀረው ሰዓት የሚነሣውን ፍርሃት ሮጦ ከማስታገስ ጥቂት ታግሦ መጠበቅ ያዋጣል፤ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይበርዳል። የማይበርድና እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ ለሐኪም መናገር እንጂ ለብቻ መታገል አይገባም።

ሌላ ወረርሽኝ፣ ጦርነት ወይም ድርቅ መምጣቱ አይቀርም፤ ወሬውም አብሮ ይመጣል። ያን ጊዜ ስልኩን ከመክፈታችን በፊት ልንጠይቅ የፈለግነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንበለው። ስለ መንገድ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ሐኪም ቤት ከሆነ እንክፈተው፣ መልሱን ይዘን እንዝጋው። «ምን ይውጠን ይሆን?» ከሆነ ግን ያን የምንለው አጠገባችን ላለ ሰው ነው፤ ምናልባት እሱም ይህንኑ ሊጠይቀን ተጣርቶ ሳንሰማው ቀርተን ይሆናል።