ከባለቤቱ ያወቀ

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላል የሀገራችን ሰው። ተረቱ ዕውቀትን የሚነቅፍ አይደለም፤ ስለ ሌላው ኑሮ ከባለ ኑሮው በላይ አውቃለሁ የሚለውን ጠርጥሩት ማለቱ ነው። ይህ ጥርጣሬ፣ ዕውቀትን ሁሉ በአንድ ጥላ ሥር ለማሰባሰብ የሚሻውን የዘመናችንን ፍልስፍና ሊመዝነው ይችላልን?

ዕውቀት ከተከፋፈለ ቆይቷል። ሐኪሙ ስለ አካል፣ የሥነ ልቦናው ሊቅ ስለ አእምሮ፣ የምጣኔ ሀብቱ ባለሙያ ስለ ገበያ ሲናገሩ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። ይህን ስንጥቅ ለመጠገን ከተነሡት አንዱ አሜሪካዊው ኬን ዊልበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ዳጎስ ያለ መጽሐፉ ማንኛውም ሰብአዊ ጉዳይ አራት ገጽ እንዳለው አስተማረ፦ የግለሰቡ ውስጣዊ ስሜት፣ በውጭ የሚታየው አካሉና ድርጊቱ፣ ማኅበረሰቡ የሚጋራው ትርጉም፣ እንዲሁም የማኅበረሰቡ አደረጃጀት። በዚህም ላይ የዣን ጌብሰርን ስያሜዎች ተውሶ የንቃተ ኅሊና እርከኖችን ደረደረ፤ ከታች አስማታዊውና አፈ ታሪካዊው፣ ከላይ አመክንዮአዊውና ሁሉን አቀፉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ንድፈ ሐሳብ በኢንተርኔት በሚሰጥ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ተከታትዬ ነበር። ለአንዱ የጽሑፍ ሥራ የመረጥሁት የአባቴን ተዝካር ነው። የእናቴን ኀዘን በመጀመሪያው ገጽ፣ እንባዋንና የከሳ ሰውነቷን በሁለተኛው፣ ለነፍስ የሚደረገውን ጸሎት በሦስተኛው፣ የዕድሩን ድንኳንና መዋጮ በአራተኛው አሰፈርሁ። በመጨረሻም እምነቷን «አፈ ታሪካዊ» በሚባለው እርከን መደብሁት። ጥሩ ውጤት አገኘሁበት።

እናቴ በስልክ «ስለ አባትህ ምን ጻፍህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንጀራዬ የትርጉም ሥራ ነውና ቀላል መስሎኝ ነበር። አራቱን ገጾች ስነግራት ሳትቸገር ተረዳችኝ፤ እንዲያውም «ነዳያኑን ረሳሃቸው። ተዝካሩ የተደገሰው ለማን ሆነና?» ብላ አረመችኝ። እውነቷን ነው፤ በጽሑፌ ውስጥ አንድም ነዳይ አልነበረም። የመደብኋትን እርከን ግን ልነግራት አፌ አልታዘዘልኝም። ቃሉ በአማርኛ ጠፍቶ አይደለም፤ በፊቷ የሚነገር ሆኖ ስላላገኘሁት ነው።

«የሰው አስተሳሰብ በእርከን ማደጉ የታወቀ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ዣን ፒያዤ የልጆች አስተሳሰብ በቅደም ተከተል እንደሚያድግ አሳይቷል። ነገር ግን ሕፃን ሲያድግ የቀድሞ ስሕተቱን ራሱ አይቶ ይተወዋል፤ ለእርማቱ ምስክሩ እርሱው ነው። የእናቴ እምነት ዝቅ የተደረገው እሷ በሌለችበት ሸንጎ ነው፤ ከሳሹም ዳኛውም እኔ ነበርሁ። ሐኪምም ከበሽተኛው በላይ ያውቃል ይባል ይሆናል። ዳሩ ግን ሐኪሙ የደረሰበትን ለበሽተኛው ሊነግረው፣ ጥያቄውንም ሊመልስለት ይገባዋል።

አራቱን ገጾች አልጣልኋቸውም፤ የዘነጋሁትን እንድፈልግ ያስገድዱኛል። ነገር ግን ሁሉን አቅፋለሁ የሚል ዕውቀት የታቀፈውን ሰው ቃል የመስማት ግዴታ አለበት። ስለ ሰው የጻፍነውን ለዚያው ሰው በገዛ ቋንቋው፣ ፊቱን እያየን ልንነግረው ካልቻልን፣ ጉድለቱ ከእርሱ ማስተዋል ሳይሆን ከእኛ ዕውቀት ሊሆን እንደሚችል እንጠርጥር።

ያን ጽሑፍ በኋላ ወደ አማርኛ መለስሁት። ነዳያኑን ጨመርሁ፤ እርከኑን ሰረዝሁ፤ ለእናቴም አነበብሁላት።