የለሰለሰ ምኝታና የዮሴፍ መከራ

አዲስ ትዳር የሚመሠርቱ ሙሽሮችም ሆኑ፥ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕርግ አብቅተው «ከእንግዲህስ ወገባችንን እናሳርፈው» የሚሉ ሽማግሎች፥ በአዲስ አበባ የቤት ዕቃ መደብሮች ሲዘዋወሩ ከሁሉ አስቀድሞ ዐይናቸውን የሚስበው፥ ከላዩ ትራስ መሰል ድርብ ንጣፍ የተሰፋለት፥ በሆዱም ለየብቻቸው በጨርቅ ከረጢት የተሸፈኑ ብዙ መቶ፥ አንዳንድ ጊዜም ከ1000 የሚበልጡ የሽቦ ሞላዎች የያዘው ውድ ስፕሪንግ ፍራሽ ነው። ዋጋው ሲነገራቸው ብዙዎቹ ይደነግጣሉ። ድንጋጤው ግን ከኪስ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ አባቱና እናቱ በዐቢይ ጾም ከአልጋ ወርደው በሰሌን ላይ ሲተኙ እያየ ያደገ ክርስቲያን፥ ይህን ያህል ገንዘብ ለሥጋ ዕረፍት ማፍሰስ ይገባኛልን? ብሎ ኅሊናውን መጠየቁ አይቀርም። ይህም የገበያ ጥያቄ መስሎ ይታይ እንጂ፥ የነፍስንና የሥጋን፥ የባለጸጋንና የድኻን፥ የባልንጀራንም ነገር በውስጡ የያዘ ስለ ሆነ፥ ረጋ ተብሎ ሊመረመር የሚገባው ነው።

አስቀድሞ እንቅልፍ ራሱ ነውር አለመሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ቍጣ ሸሽቶ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር በወደቀና ሞቱን በለመነ ጊዜ፥ ወደ እርሱ የተላከው መልአክ አልገሠጸውም፤ እንጀራና ውኃ አቀረበለት፥ ዳግመኛም ሲተኛ ተወው እንጂ፤ ወደ ኮሬብ የሚያደርሰውን የ40 ቀን መንገድ የጀመረው ከዚያ ዕረፍት በኋላ ነው። ጌታችንም ማዕበሉ ታንኳይቱን ሲያናውጣት በስተኋላዋ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ እንደ ነበር ወንጌላዊው ማርቆስ ጽፎልናል፤ ራሱን የሚያስጠጋበት ስፍራ እንደሌለው የተናገረው እርሱ፥ ትራስ ባገኘ ጊዜ ትራሱን አልናቀም። ቤተ ክርስቲያናችንም ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱን ለንዋም ሰጥታ፥ ምእመናን ወደ ምኝታቸው የሚሄዱበትን ሰዓት እንደ ነግሁና እንደ ቀትሩ ሁሉ ቀድሳዋለች። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ሸክም ሲያነሣ የዋለ ሠራተኛ፥ ወገቧን የምትታመም እናት፥ ዕድሜ የተጫነው ሽማግሌ ጀርባውን የሚያሳርፍበት ደኅና ፍራሽ ቢሻ፥ ይህን የሥጋ ተድላ ነው ብሎ የሚነቅፍ ሰው የሰውን ባሕርይ የዘነጋ ነው። በገዳማውያን ዘንድ ቃላቸው እጅግ የሚከበረው ማር ይስሐቅም ደካማ ሥጋን ከኃይሉ በላይ ማስጨነቅ በነፍስ ላይ ጨለማን እንደሚጨምር አስተምረዋል።

ስለ ምናኔ መንገድ በዚህ ብዙ ማተት አያስፈልገኝም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት አንዱ እግራቸው እስኪሰበር ድረስ ቆመው መጸለያቸውን ገድላቸው ይነግረናል፤ በየገዳማቱም ዛሬ ድረስ ቁርበት አንጥፈው ጥቂት ሸለብ አድርገው፥ የቀረውን ሌሊት በስግደትና በሰዓታት የሚያሳልፉ አባቶች አሉ። እነዚህ ሥጋን ጠልተው ሳይሆን ለጸሎት ለመንቃት ብለው አልጋን የተዉ ናቸው፤ ተጋድሏቸውም ፈቅደው የገቡበት ጽሙድ ሕይወት እንጂ፥ በዓለም ሆኖ ልጆች በሚያሳድግ ሰው ላይ የተጫነ ሕግ አይደለም።

ስለ ምኝታ ከተነገሩት የአበው ዜናዎች ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው የአባ አርሳንዮስን ነው። እኒህ አባት በሮም የተማሩ ታላቅ ሊቅ ስለ ነበሩ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ቴዎዶስዮስ ልጆቹን አርቃዴዎስንና አኖሬዎስን ያስተምሩለት ዘንድ ወደ ቍስጥንጥንያ አስመጣቸው፤ እርሳቸው ግን በ4ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ያን ሁሉ ክብር ትተው በግብፅ በረሓ ወደ ገዳመ አስቄጥስ ገብተው መነኰሱ። አንድ ጊዜ በታመሙ ጊዜ የገዳሙ ቄስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ በአልጋ ላይ አስተኛቸው፤ ከራሳቸውም በታች ትንሽ ትራስ አደረገላቸው። ሊጠይቃቸው የመጣ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ይህን ባየ ጊዜ ተሰናከለና፥ አባ አርሳንዮስ የተባሉት እኒህ በአልጋ ላይ የተኙት ናቸውን? ብሎ ተደነቀ። ቄሱም ለብቻው ጠርቶ በመንደሩ ሳለ ምን ሥራ እንደ ነበረው ጠየቀው። እረኛ እንደ ነበረ መለሰ። ኑሮውስ እንዴት ነበር? ብሎ ቢጠይቀው በብዙ ድካም ይኖር እንደ ነበረ፥ አሁን በበዓቱ ግን ከዚያ የተሻለ ዕረፍት እንዳገኘ ነገረው። ያን ጊዜ ቄሱ፥ እኒህ የምታያቸው አባት በዓለም ሳሉ የነገሥታት አባት የተባሉ፥ የወርቅ መታጠቂያ የታጠቁ እጅግ ብዙ አገልጋዮች የከበቧቸው፥ ከበታቻቸውም የከበረ ምንጣፍ ይነጠፍላቸው የነበሩ ናቸው፤ አንተ ከድካም ወደ ዕረፍት መጣህ፥ እርሳቸው ግን ከተድላ ወደ መከራ ወረዱ ብሎ አስረዳው። አረጋዊውም ልቡ ተነክቶ ከመሬት ወድቆ ይቅርታ ለመነ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያየው የአባ አርሳንዮስን ትሕትና ነው፤ እኔ ግን ያ እረኛ ስለ ምን እንደ ተገሠጸ ልብ ሊባል ይገባዋል እላለሁ። ከቀድሞው ይልቅ ተመችቶት በመኖሩ ማንም አልነቀፈውም፤ የተነቀፈው የሌላውን ትራስ አይቶ በመፍረዱ ነው። እኛም አብዛኞቻችን ከሰሌንና ከመደብ ወደ አልጋ የወጣን የእረኛው ወገኖች እንጂ፥ ከቤተ መንግሥት ወደ በረሓ የወረድን የአባ አርሳንዮስ ወገኖች አይደለንም። ስለዚህ ይህ ዜና ጎረቤታችን በገዛው ፍራሽ እንዳንፈርድ ይከለክለናል፤ ስለምንገዛው ስለ ራሳችን ፍራሽ ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። ለእርሱ ሌላ እረኛ መጠየቅ ይኖርብናል፤ ይኸውም የቴቁሔው አሞጽ ነው።

አሞጽ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዘመን በሰማርያ ባለጸጎች ላይ ሲናገር፥ በዝሆን ጥርስ አልጋ ላይ የሚተኙትን፥ በምንጣፋቸው ላይ ተዝናንተው የሚደላደሉትን ሰዎች ወዮላችሁ ብሏቸዋል። ነቢዩ የተናገረው በምሳሌ ብቻ አልነበረም፤ ንጉሡ አክዓብ የዝሆን ጥርስ ቤት እንደ ሠራ መጽሐፈ ነገሥት ይመሰክራል፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1930ዎቹም የሰማርያን ፍርስራሽ የቈፈሩ ሊቃውንት፥ አልጋና ወንበር ያጌጠበት ሳይሆን አይቀርም የሚሉትን እጅግ ብዙ የተቀረጸ የዝሆን ጥርስ ስብርባሪ አግኝተዋል። ነገር ግን የነቢዩን ክስ እስከ መጨረሻው ለተከተለ ሰው፥ አልጋውም፥ ሥጋውም፥ ወይኑም፥ ሽቱውም ከተቈጠሩ በኋላ ፍርዱ የሚያርፈው በአንዲት ነገር ላይ ነው፤ ይህም ሰዎቹ ስለ ዮሴፍ መከራ አለማዘናቸው ነው። ወገናቸው ሲሰበር አልተሰማቸውም። የምቾት ክፋቱ በልስላሴው ሳይሆን በዚህ ባለመሰማት ላይ እንደ ሆነ ነቢዩ ከማንም ይልቅ አጥርቶ ያየ ይመስለኛል።

እንግዲህ በዚህ ዐይን ወደ ፍራሹ እንመለስ። በቀድሞው ስፕሪንግ ፍራሽ ሞላዎቹ በሽቦ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ስለ ሆኑ፥ አንዱ ሲጫን ጎረቤቱን ይዞ ይወርዳል። በ1900 ገደማ በካናዳ ይኖር የነበረ ጄምስ ማርሻል የሚባል ሰው እያንዳንዱን ሞላ በጨርቅ ከረጢት ለብቻው የመስፋትን ዘዴ አወጣ፤ በ1925 ደግሞ በአሜሪካ ሲሞንስ የተባለው ኩባንያ ይህንኑ በመኪና እየሠራ ብዩቲረስት በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። ዛሬ ነጋዴው የዚህን ዘዴ ጥቅም ለማሳየት ሲፈልግ፥ ውኃ የሞላ ብርጭቆ በፍራሹ አንድ ጫፍ ያስቀምጥና በሌላው ጫፍ በጕልበቱ ወጥቶ ይጫነዋል፤ እርሱ ያለበት ጐን ይሰምጣል፥ ውኃው ግን አይፈስም፥ ፊቱም እምብዛም አይናወጥም። ገዢዎቹ ይደነቃሉ፤ በእውነትም የሚደነቅ ጥበብ ነው።

ነገር ግን በዚያ ብርጭቆ ቦታ የሚተኛው ሰው ነው። በጠፍር አልጋ ባልና ሚስት በሚተኙበት ዘመን አንዱ ሲገላበጥ ጠፍሩ ይንቋቋል፥ ሁለቱም ወደ መካከል ይንሸራተታሉ፤ ሚስቲቱ በእኩለ ሌሊት ስለ ታመመ ልጅ ወይም ስላልተከፈለ ዕዳ እያሰበች ብትቀመጥ፥ ባልየው ሳይወድ በግድ ነቅቶ ምን ሆንሽ? ይል ነበር። በአዲሱ ፍራሽ ግን እርሷ ተነሥታ ተቀምጣ፥ ብዙ አልቅሳ፥ ተመልሳ ልትተኛ ትችላለች፤ እርሱም በአንድ ክንድ ርቀት ሆኖ አንዳች ሳይሰማው ያነጋል። ይህን የምለው ጥበቡን ለመንቀፍ አይደለም። ሌሊት ተረኛ ሆና የምትሠራ ሐኪም፥ ለረጅም ዘመን የታመመ የትዳር ጓደኛ የሚያስታምም ሰው፥ ያልተቋረጠ እንቅልፍ ካላገኘ ፍቅሩ ራሱ ይዝላል። ነገር ግን ሞላው ከባልንጀራችን መናወጥ የሚከልለን ከሆነ፥ ፍራሹ የወሰደብንን ነገር ሆን ብለን የመመለስ ዕዳ ይወድቅብናል፤ ጧት ሲነሡ ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ጠይቆ፥ መልሱ ተነግሮ እስኪያልቅ ድረስ ሳይቸኵሉ መቀመጥ የዚህ ዕዳ አንዱ ክፍያ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ማዶ ያለው ነው። በብዙ የከተማችን ቤቶች ለቤት ሠራተኛዋ የተሰጠው ምኝታ፥ ቀን ቀን ተጠቅልሎ ከምጣዱ ጀርባ ወይም ከጋዝ ሲሊንደሩ አጠገብ የሚቆም፥ ጠርዙ ተፈርፍሮ ቢጫው የወጣ፥ ውፍረቱ ከመዳፍ የማይበልጥ ስፖንጅ ነው። የእራቱ ዕቃ ታጥቦ፥ ወለሉ ተወልውሎ፥ እርጥበቱ ጥቂት ሲመጥ ትዘረጋዋለች፤ ከቤተ ሰቡ ሁሉ በኋላ ተኝታ ከሁሉ በፊት ትነሣለች። የወለሉ ቅዝቃዜ በስፖንጁ አልፎ ወደ ጎኗ እንደሚገባ፥ ሌሊት ተገላብጣ ቦታ ስትፈልግ ክርኗ ሲሚንቶውን እንደሚነካ የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት። ዮሴፍ ይህች ናት ብል ነቢዩን ያጣመምሁ አይመስለኝም፤ ዮሴፍም ከቤተ ሰቡ ተለይቶ በሰው ቤት ያገለገለ ልጅ ነበር። የመኝታ ቤቱ ፍራሽ ሲለወጥ የማድ ቤቱ ስፖንጅ እንዳለ የቀረ እንደ ሆነ፥ በዚያ ቤት የዝሆን ጥርስ አልጋ ገብቷል እላለሁ፤ ዋጋው ምንም ይሁን ምን።

ስለዚህ ፍራሽ ሊገዛ ወደ መደብር የሚሄድ ምእመን ከኅሊናው ጋር የሚያስታርቀው ነገር ከፍራሹ ከራሱ ባሕርይም ይገኛል። ጀርባን የሚሸከመው የታችኛው ሞላ ነው፤ ትራስ መሰሉ የላይ ንጣፍ የሚጨምረው በነኩት ጊዜ የሚሰማውን ልስላሴ ነው፥ እርሱም ከሞላዎቹ ቀድሞ ይረግባል፥ የተኚውን ቅርጽ ይዞም ይጎደጕዳል። በአንድ ወገን ብቻ የተሰፋ ስለ ሆነ እንደ ድሮው የጥጥ ፍራሽ ገልብጦ መተኛት አይቻልም፤ ራስጌውን ወደ ግርጌ እያዞሩ መጠቀም ብቻ ነው። ወገቡን የታመመ ሰው ሐኪሙን ጠይቆ የሚስማማውን ይምረጥ፥ በዚህ ላይ አፌን አላላቅቅም። ጤና ያለው ሰው ግን ያለ ላይኛው ንጣፍ የተሠራውን ስፕሪንግ ፍራሽ ዋጋ ይጠይቅ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ይያዝና፥ ከዚያው መደብር ለአንድ ሰው የሚሆን ደኅና ፍራሽ በስንት እንደሚሸጥ አብሮ ይጠይቅ፤ የጐደለ ቢኖር ይጨምርበት። የማድ ቤቱ ወለል ጠባብ ነው የሚል ቢኖር፥ 90 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ፍራሽ ከእነ አልጋው በዕቃ ቤቱ በኩል እንዲገባ ጥቂት ሣጥን ማንሣት ይበቃል፤ ለአዲሱ ትልቅ አልጋ ቦታ ለመልቀቅ ሲባል ቁም ሣጥኑን ያዛወረ ቤተ ሰብ ይህን ማድረግ አያቅተውም።