መድኃኒቱ ያልሠራላት ምን በድላ?

ከቢቸና ወይም ከደብረ ኤልያስ ገጠር የጡት ካንሰር የተገኘባት ሴት ለኬሞ ብዙ ጊዜ ወይ ባሕር ዳር ትሄዳለች፣ ወይ የዓባይን በረሃ አቋርጣ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ትደርሳለች። ዶክሶሩቢሲን የሚባለውን ቀይ መድኃኒት ከሌላ መድኃኒት ጋር በየ21 ቀኑ ትወስዳለች፤ በመሀሉ ጠበል ትጠመቃለች። የአንዷ ዕጢ በሁለተኛው ዙር ይሟሽሻል። አጠገቧ የተኛችው ሴት በሽታዋም መድኃኒቷም ያው ነው፤ ዕጢዋ ግን ንቅንቅ አይልም። ይሄኔ ጠያቂ በተሰበሰበበት ቤት ሹክሹክታ ይነሣል፦ «ምን በድላ ይሆን? እምነቷ ቢጎድል ነው እንጂ።»

ጥያቄው የኢዮብ ወዳጆች ጥያቄ ነው። ሦስቱም ሊያጽናኑ መጥተው ከሳሽ ሆኑ፤ በመጽሐፉ መጨረሻ የእግዚአብሔር ቁጣ የወረደው በእነሱ ላይ እንጂ በታማሚው ላይ አይደለም። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰውም ደቀ መዛሙርቱ «ማን ኃጢአት ሠራ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ክርስቶስ እሱንም ወላጆቹንም ነፃ አድርጓቸዋል። ይህን ሁሉ የዲማ ጊዮርጊስ የአብነት ተማሪ ያውቀዋል። ሹክሹክታው ግን አልቆመም።

የሳይንሱ መልስ ከዕጢው ጎረቤቶች ይጀምራል። በዕጢ ውስጥ ከካንሰር ሕዋሳት ሌላ የደም ሥሮችና በሽታን የሚከላከሉ ነጭ የደም ሕዋሳትም አሉ። የሚነጋገሩት ሳይቶካይን በሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ነው፤ ትኩሳት የሚያስነሣውም ቁስል እንዲሽር የሚረዳውም ይኸው ንግግር ነው። የካንሰሩ ሕዋስም መልእክቱ ይደርሰዋል። ለመድኃኒቱ መሸነፉ ወይም መጽናቱ በከፊል በዚህ ይወሰናል።

ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ ቲኤንኤፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኒው ዮርክ ውስጥ የሎይድ ኦልድ ቡድን የአይጥ ዕጢ ሲያበሰብስ አይቶ ስም አወጣለት። የትርጓሜ መምህር አንዱን ንባብ «አንድም» እያለ እንደሚፈታው ሁሉ፣ ይህም ፕሮቲን በአንድ ፍቺ አላለቀም። አንድም ኬሞን ያግዛል፦ በእጅና በእግር ላይ ለሚወጣ ሳርኮማ ለተባለ ካንሰር ሜልፋላን ከተባለ መድኃኒት ጋር እንዲሰጥ አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1999 ፈቅዳለች፤ የዕጢውን ደም ሥሮች እየከፈተ መድኃኒቱን በብዛት ያስገባል። (ወደ መላ ሰውነት ቢለቀቅ የደም ግፊትን እስከ ሞት ሊጥል ስለሚችል፣ የታመመው እጅ ወይም እግር የደም ዝውውር ለብቻው ተለይቶ ነው የሚሰጠው።) አንድም ካንሰሩን ይጋርዳል፦ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት፣ ቲኤንኤፍ በሕዋሱ ውስጥ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለ መከላከያ እንደሚቀሰቅስ፣ ይህ መከላከያ ሲታገድ ግን የዶክሶሩቢሲን ዘመድ የሆነው ዳውኖሩቢሲን ሕዋሱን ይበልጥ እንደሚገድል አሳየ።

ከዚህም የሚያስገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካው ኤምአይቲ፣ ሊምፎማ የተባለ ካንሰር ባለባቸው አይጦች ላይ የተደረገ ምርምር እንዳሳየው፣ ዶክሶሩቢሲን ራሱ በደረት ውስጥ ያሉ የደም ሥር ሕዋሳትን ኢንተርሉኪን-6 የተባለ ሳይቶካይን እንዲያመነጩ አነሣሣቸው፤ እዚያ የተጠለሉት የካንሰር ሕዋሳትም ተረፉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ይኸው መድኃኒት ኢንተርፌሮን የተባለውን ምልክት እንደሚቀሰቅስ፣ ምልክቱ በተቋረጠባቸው የአይጥ ዕጢዎች ላይ ግን ኃይሉ እንደሚደክም ደረሱበት።

ታዲያ የታማሚዋ ኃጢአት በየት በኩል ይገባል? ኢንተርሉኪን-6 ለተጎዳ አካል የሚደርስ ነው፤ የደረሰለት ሕዋስ ጤነኛ ይሁን ካንሰር አይመረምርም። አማኝ «ይህም በእግዚአብሔር እጅ ነው» ቢል የሚከራከረው የለም። ክርክሩ ከሌላው ጋር ነው፦ ፍርዱን አንብቤዋለሁ ከሚለው ጎረቤት ጋር። «እንዴት ሆነ?» ለሚለው ቤተ ሙከራ መልስ ይሰጣል፤ «ለምን በእኔ?» ለሚለው አይሰጥም፣ ጎረቤትም የመስጠት ሥልጣን የለውም።

ጠበልና ሐኪም ቤትም ይጣላሉ ያለ መጽሐፍ የለም። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪም እንዲከበር ያዝዛል፤ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘው ፈጣሪ መሆኑንም ይናገራል። ዶክሶሩቢሲን እንዲያውም ከአፈር የወጣ ነው፤ ምንጩ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጣሊያን ውስጥ ከካስቴል ዴል ሞንቴ አጠገብ ከተወሰደ አፈር የተገኘ ባክቴሪያ ነው።

በአንዳንዱ የሕክምና ውድቀት ደግሞ ሳይቶካይንም አይጠራ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር የ21 ቀኑ ቀጠሮ ያልፋል። ይህ የሰው ሥራ ነው፤ በእግዚአብሔር ማሳበብ ነውር ነው።

የንስሐ አባቶች በዚህ ብዙ መርዳት ይችላሉ። ለታመመ ሰው ጾም ማቅለል ሥልጣናቸው ነው፤ «ጠበል ጀምረሻልና ኬሞውን ተዪ» የሚለውን ምክር ማስቆምም እንዲሁ። ኬሞ ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚቀንስ፣ ታማሚዋ ያልፈላ ውኃ ከመጠጣቷና በብርድ ከመጠመቋ በፊት ሐኪሟን ታማክር። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ሐኪም ቤት ውሰዷት።