ባሕሩ የታል?

በእስራኤል ሀደራ ከተማ አንዲት ልጅ ነበረች። ውትድርናዋን ጨርሳ፣ ሠርታ ያጠራቀመችው ገንዘብ ነበራት። ቀን ብሌንደር በተባለው ሶፍትዌር የቤት ውስጥ ዲዛይን ትሠራለች፣ ማታ ጌም ትጫወታለች፤ ለሁለቱም የሚሆን ኮምፒውተር ራሷ ልትገጣጥም ተነሣች። ዝርዝሩን ስትጽፍ አናቱ ላይ አርቲኤክስ 4090 የተባለውን ግራፊክስ ካርድ አስቀመጠች፤ ከገንዘቧ ግማሹን የበላው እሱ ነው። ቀጥሎ ፊቱም ጎኑም መስታወት የሆነ፣ ባለ ሰባት ቀለም መብራት ኬዝ ጻፈች። ለፓወር ሰፕላይ ፍርፋሪ ብቻ ስለተረፈ ስሙን ሰምታው የማታውቀውን ርካሽ መረጠች።

በጥር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያቷን ይዛ ወደ ናሓል ሀደራ ወንዝ ወረደች። አያቷ ጎንደር ገበሬ የነበሩ፣ በሱዳን በኩል የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ወንዙ ባሕር ከሚገባበት አፍ ላይ ሰው ተሰብስቦ ሻርኮችን ያያል። ከአጠገቡ የኦሮት ራቢን ኃይል ማመንጫ ጭስ ማውጫዎች ቆመዋል።

«እነዚህ አውሬዎች ምን ፍለጋ መጡ?» አሉ አያቷ።

«ሙቀት ነው አባባ። ማመንጫው የባሕሩን ውሃ እየሳበ ማሽኑን ያቀዘቅዝበታል። ውሃው ሞቆ የሚመለሰው በዚህ በኩል ነው፤ በብርዱ ወራት እሱን ብለው ይመጣሉ።»

«ባሕር ዳር የሠሩት ለዚህ ነዋ?»

«ለዚህም ነው፤ ከሰሉም በመርከብ እንዲመጣለት።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። «መጋቢውም፣ ሙቀቱን የሚወስድለትም አጠገቡ ነው በይኛ። አንቺ የምትገጣጥሚውስ ይሞቃል?»

«በጣም እንጂ።»

«ታዲያ ባሕሩ የታል?»

ልጅቱ ሳቀች። ማታ ግን ዝርዝሩን ቀደደችና ከታች ወደ ላይ እንደገና ጻፈችው።

ሽማግሌው ካርድ ይሁን ኬዝ አያውቁም፤ የጠየቁት ግን ትክክለኛውን ነገር ነው። ኮምፒውተር የሚስበው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። 4090 ብቻውን እስከ 450 ዋት ይወስዳል፤ ለቅጽበት ከዚያም በላይ የሚዘልበት ጊዜ አለ። ደካማ ፓወር ሰፕላይ እዚያው ላይ፣ ሬንደሩ (ንድፉን ወደ ምስል የሚቀይረው ስሌት) ሊያልቅ ሲል፣ እጁን ይሰጣል። ጌም መሀል ቢጠፋ ተናዶ መተኛት ይቻላል፤ ደንበኛ ነገ ጠዋት የሚጠብቀው ሥራ ላይ ሲሆን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የፊቱ መስታወት አየር ካላስገባ ደግሞ ካርዱ ራሱን ከሙቀት ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያ ሁሉ ሼቄል የተከፈለበት ፍጥነት ማለት ነው።

የትኛው ካርድ ይሻላል የሚለውን ምሳሌው አይመልስም፤ እዚህ ላይ የራሴን ልበል። ባለ 16 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 4060 ቲአይ 165 ዋት፣ ባለ 12 ጊጋባይቱ 4070 ደግሞ 200 ዋት ይስባሉ። በጌም 4070 ይቀድማል፣ ክርክር የለውም። ብሌንደርም ላይ ቢሆን ሥራው በካርዱ ሜሞሪ እስከገባ ድረስ ይፈጥናል። ዕቃና ምስል የበዛበት ክፍል ግን 12 ጊጋባይት ሲሞላ ወይ ክፉኛ ይንቀረፈፋል ወይ ጭራሽ ይቆማል። ከባድ ትዕይንት የሚሠራና እንጀራው ከዲዛይን የሚወጣ ሰው 16ቱን ይያዝ፤ ጌሙን በጥቂት ፍሬም ቀንሶ ቢጫወት አይሞትም። ለሁለቱም ደህና ስም ያለው 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃል፤ ኬዙም ፊቱ ወንፊት ይሁን። ራም 32 ጊጋባይት ሲገዛ አንድ ባለ 32 ሳይሆን ሁለት ባለ 16 ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ፕሮሰሰሩ በአንዴ ብዙ ያገኛል።

ለማዘርቦርድ ልጅቱ ኤኤም5 የተባለ የፕሮሰሰር ሶኬት ያለውን ያዘች። በ2022 የወጣው ይህ ሶኬት በ2024 የመጡትንም የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ስለሚቀበል፣ ዛሬ መካከለኛውን ገዝታ ሥራ ሲበዛ ፕሮሰሰሩን ብቻ መለወጥ ትችላለች። ባለ ሰባት ቀለሙ መብራት ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ እስካሁን የጎደለበት ሥራ የለም።