መልክ ሲለወጥ አደራው የማን ነው?

ለአንድ ተከታታይ ድራማ አዲስ መሪ ተዋናይ መመረጡ በተሰማ ቁጥር ከአድናቂዎች አፍ የማትጠፋ አንዲት አቤቱታ አለች፦ «ይሄ እኔ የማውቀው ሰው አይደለም።» ብዙዎች እንደ ኩርፊያ ቆጥረው ያልፏታል፤ እኔ ግን ከባድ ጥያቄ ያዘለች ይመስለኛል። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1963 በቢቢሲ በጀመረው «ዶክተር ሁ» በተባለው የሳይንሳዊ ልብወለድ ድራማ ጥያቄዋ ከመዝናኛነት ያልፋል። በጊዜና በጠፈር የሚጓዘው ባለታሪክ፣ ዶክተሩ፣ ሊሞት ሲል ሰውነቱ ታድሶ በሌላ መልክ፣ በሌላ ድምፅና በሌላ ጠባይ ይነሣል። ሌሎች ድራማዎች ተዋናይ ሲቀይሩ ተመልካቹ እንዳላየ እንዲያልፍላቸው ይፈልጋሉ። ይህኛው ግን ለውጡን ራሱን ታሪክ አድርጎ «ሰውየው ያው ነው» ብሎ ይሟገታል። ታዲያ መልክም ጠባይም ከተለወጠ፣ ያው መሆኑ በምን ይታወቃል?

የመጀመሪያው ዶክተር ዊልያም ሃርትኔል ነበር። ጤናው እየከዳው ሲሄድ እ.ኤ.አ. በ1966 በፓትሪክ ትራውተን ተተካ፤ ለውጡም የተፈጸመው በባልደረቦቹ በቤንና በፖሊ ዓይን ፊት ነው። ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ጥርጣሬያቸውን አልሸሸገም። የቀድሞው ዶክተር ያደርገው የነበረው ቀለበት ከአዲሱ ሰው ጣት ላይ ይሾልካል። አዲሱ ሰው ራሱ ስለ ዶክተሩ ሲናገር ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስላል፤ አሮጌ የማስታወሻ ደብተርም ያገላብጣል። አካሉ አልመሰከረለትም፤ አንደበቱም እንዲሁ። ምስክርነቱ የመጣው ካልተጠበቀ ወገን ነው፦ የዶክተሩ የዘመናት ጠላት የሆነው ዳሌክ አዲሱን ፊት አይቶ ለየው። ጠላትየው መልኩ ቢለወጥም ከዚህ ሰው ጋር ያልተወራረደ ሒሳብ እንዳለው ያውቃል። ይህች አጭር ትዕይንት የክርክሬ መነሻ ናት።

ፈላስፎች ለጥያቄው ከሰጧቸው መልሶች እጅግ የታወቀው ትዝታ ነው። ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1694 በወጣው የመጽሐፉ ሁለተኛ እትም፣ የአንድ ልዑል ነፍስ ያለፈ ሕይወቷን ትዝታ ይዛ ወደ ጫማ ሰፊ ሥጋ ብትገባ፣ ልዑሉ ለሠራው የሚጠየቀው ያ ሰው ነው ሲል አስረድቷል። አዲሱን ተዋናይ በቀላሉ የሚቀበሉ አድናቂዎችም የሚያስቡት እንዲህ ነው፦ ትዝታው አብሮት ካለ እሱው ነው። ሆኖም ድራማው ራሱ ይህን መልስ ይፈትነዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በቀረበው የጆዲ ዊተከር የመጀመሪያ ክፍል፣ ዶክተሯ ከሰማይ ወድቃ የባቡር ጣሪያ ሰብራ ስትገባ ስሟን እንኳ አታስታውስም። ያም ሆኖ በባቡሩ ውስጥ ባሉት ሰዎችና በመጣባቸው አደጋ መካከል ወዲያው ትቆማለች፤ የሼፊልድን ብረት አቅልጣ መሣሪያዋን ትሠራለች። ስሟ የሚመለስላት፣ ሰዎችን እንደ አውሬ እያሳደደ የሚገድለውን ፍጡር ክሬን ላይ ወጥታ ስትጋፈጥ ነው። ኃላፊነቱ ቀደመ፤ ትዝታው ተከተለ። ማንነት ትዝታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዶክተር አልነበረችም ማለት ነው፤ ያየናት ሁሉ ግን እንደነበረች አንጠራጠርም።

እንግዲያው ማንነት መልካም ጠባይ ነው እንበል? ይህም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1984 ኮሊን ቤከር የተጫወተው ዶክተር በታደሰ ማግሥት፣ ቀዳሚው ሕይወቱን የሰጠላትን ባልደረባውን ፔሪን አንቆ ሊገድላት ሞክሯል። ከዚህ የባሰ የጠባይ መገለባበጥ የለም። ባዕድ ሰው ቢያንቃት ወንጀል ነው፤ እሱ ሲያንቃት ግን ክህደትም ይሆናል። ክህደት ደግሞ አደራ የተቀበለ ሰው ብቻ የሚፈጽመው በደል ነው። የምለውም ይኸው ነው፦ አንድን ሰው ያው ሰው የሚያደርገው የትናንቱ ቃልና የትናንቱ በደል ዛሬ ከእሱ የሚፈለግ መሆኑ ነው። መልክ ይጠፋል፣ ትዝታ ይደበዝዛል፣ ጠባይ ይበላሻል፤ አደራ ግን ባለቤቱን አይለቅም።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። የእንግሊዙ የሃይማኖት ሊቅ ጆሴፍ በትለር እ.ኤ.አ. በ1736 በሎክ ላይ ያነሣው ትችት ለእኔም ይደርሳል። ሰውን ስለ ትናንት ለመጠየቅ መጀመሪያ ያው ሰው መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ተጠያቂነት ማንነትን ይከተላል እንጂ አይፈጥርም ይባላል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ተጠያቂነት ከባዶ ተነሥቶ ሰውን ይሠራል አልልም። ከአሮጌው ወደ አዲሱ የተዘረጋ ያልተቋረጠ ክር ያስፈልጋል፤ ቤንና ፖሊም ያዩት አንዱ በወደቀበት ሌላው ሲነሣ ነው። ነገር ግን ክሩ የሚነግረን አንድ ነገር መቀጠሉን ብቻ ነው። ያ የቀጠለው ነገር ለእኛ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደምንጠይቀውና ምን እንደሚገባው የሚነግረን በክሩ ላይ የተንጠለጠለው አደራ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከድራማው ከራሱ ይመጣል። ዴቪድ ቴናንት የተጫወተው ዶክተር ሊሰናበት ሲል፣ መታደስ ለእሱ እንደ ሞት እንደሆነ፣ ከእሱ በኋላ ተነሥቶ የሚሄደው ሌላ ሰው እንደሆነ ይናገራል። ባለቤቱ ሞት ያለውን እኛ ለምን ሕይወት እንለዋለን? የሚጠፋ ነገር መኖሩን አልክድም። የአነጋገሩ ዜማ፣ የሳቁ ዓይነት፣ ዓለምን የሚያይበት መንገድ አይመለሱም፤ የሚወዱትን ተዋናይ የተሰናበቱ ሰዎች ሐዘንም ሊከበር ይገባል። ሆኖም ሐዘን ሌላ፣ ክስ ሌላ ነው። «የቀድሞው ይናፍቀኛል» ያለ ሰው እውነቱን ነው፤ «አዲሱ እሱ አይደለም» ያለ ግን ማስረጃ ይጠየቃል። ዊተከር እ.ኤ.አ. በ2017 ለሚናው የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን፣ በኋላም በሩዋንዳ የተወለደው ንኩቲ ጋትዋ የድራማው የመጀመሪያ ጥቁር መሪ ተዋናይ ሲሆን፣ ለውጡ ልክ አለፈ ያሉ ነበሩ። ነገር ግን ሽማግሌው ወጣት፣ ቁጡው ተጫዋች ሲሆን ዶክተርነቱን ያልነጠቀው ለውጥ፣ ፆታና ቀለም ላይ ሲደርስ በምን ምክንያት ይነጥቀዋል? አደራውን የተቀበለው ቆዳው አልነበረም።

ነገሩ ከቴሌቪዥን የሚሰፋውም በዚህ ነው። አደራ ሁለት ጫፍ አለው፤ ሰውን ተጠያቂም፣ ጠያቂም ያደርጋል። የመርሳት ሕመም የያዛት እናት የልጆቿን ስም ትረሳለች፣ ጠባይዋም ይለወጣል። ማንነት በትዝታ ወይም በጠባይ ብቻ የሚለካ ቢሆን፣ ልጆቿ «እናታችን ሄዳለች፤ ይህች ሌላ ሴት ናት» ብለው ከውለታዋ ነፃ በወጡ ነበር። አይወጡም፤ ያሳደገቻቸው እሷ ናት፣ ውለታው የሚመለሰውም ለእሷ ነው። አድናቂ ከአዲሱ ዶክተር መጠበቅ ያለበትም ከዚህ የተለየ አይደለም፦ የቀደሙት የገቡትን ቃል እንዲሸከም። ቢሸከመው የሚመሰገነው፣ ቢጥለውም የሚወቀሰው ባለአደራው እሱ ራሱ ስለሆነ ነው።