ምድር ትወገዛለችን?

ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኢጣልያ ወታደሮች ጥይት ከመገደላቸው በፊት ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪው እንዳይገዙ ማውገዛቸው ሲነገር ኖሯል፤ ውግዘት ደግሞ ጳጳስ በተሰጠው የማሰርና የመፍታት ሥልጣን አንድን ድርጊት የሚከለክልበት መንፈሳዊ እስራት በመሆኑ፣ ነገሩን ለሚመረምር ከባድ ጥያቄ ያስከትላል። ሰው ፈቃድ ስላለው ቢወገዝ ይታዘዛል ወይም ይተላለፋል፤ ፈቃድ የሌላት ምድር ግን በምን ትታሰራለች?

በኦሪት ዘፍጥረት ምድር የአቤልን ደም ስለ ተቀበለች ለገዳዩ ፍሬዋን እንደምትነፍግ ተነግሯልና፣ በመጽሐፉ አስተሳሰብ ምድር የግፍ ምስክር ናት። ስለዚህ የጳጳሱ ቃል ያሰረው በአፈሩ ላይ የሚቆመውን መተጋገዝ፣ ማለትም ለወራሪው መገበርን፣ መንገድ መምራትንና ስንቅ ማቀበልን ነው ማለት ያስኬዳል፤ ያለ እነዚህ ወራሪ መሬት ቢይዝም አገር አይገዛምና።

ይህ አተረጓጎም የሚፈተነው በመርካቶ ነው። ወራሪው የከተማውን ነዋሪ በዘር ለመለየት ባወጣው ዕቅድ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ አንስቶ ለአገሬው ሰው በከለለው በዛሬው አዲስ ከተማ አቋቋመው፤ መርካቶ የሚለው ስምም በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ሲወጣ ገበያውም ስሙም ቀሩ። ውግዘቱ አፈርና ግንብን የሚያስር ቢሆን ኖሮ በዚያ መነገድ ራሱ መተላለፍ በሆነ ነበር፤ ያሰረው ለባዕድ ማደርን ከሆነ ግን፣ ከየአውራጃው የመጣ ነጋዴ፣ ክርስቲያኑ በራጉኤል፣ ሙስሊሙ በአንዋር መስጊድ እየጸለየ፣ በሸማ ተራና በቆርቆሮ ተራ ጎን ለጎን ሲሠራበት መኖሩ ከጳጳሱ ቃል ጋር አይጣላም። እንዲያውም የመለያየቱ አሳብ የከሸፈው እዚያው ወራሪው ባሰመረው ክልል ውስጥ ነው፤ ከአደባባይ ድል ይልቅ ይህ ጸጥ ያለ ሽረት ሊመረመር ይገባል።

የውግዘቱ ዕድሜስ? የተከለከለው አገዛዝ ስለ ጠፋ ግዝቱም አብሮ አለፈ ሊባል ይቻል ይሆናል። ነገር ግን ሰማዕት በግእዝ ምስክር ማለት ነው፤ ምስክርነትም፣ ለአንድ ዘመን እንደሚወጣ ትእዛዝ ሳይሆን፣ የተመሰከረበት ጉዳይ ካለፈ በኋላም የሚሰማው ሁሉ ይጠየቅበታል። የጳጳሱ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር ሥራ ሲነሣ ብዙዎች የተጨነቁት ስለ ድንጋዩ ብቻ አልነበረም፤ ሐውልቱ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ባቡሩም በዚያ አካባቢ በተቆፈረው ዋሻ ወደ መርካቶ ያልፋል።